ቢጫ ምልክት ያለበት ጓጉንቸር

የናርዋላ ከተማ ምክር ቤት እንደሚለው፣ በሐይቁ ዳር ያለው የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃ ቤት ከተሠራበት ቀን አንሥቶ ተቆልፎ አያውቅም። ጋቪን የሚባለው የጽዳት ሠራተኛ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየጠዋቱ ይሄዳል፤ በሩን ገፋ ሲያደርገው ይከፈታል፤ ወለሉን አጥቦ፣ ወረቀቱን ተክቶ፣ ቆሻሻውን ይዞ ይመለሳል። ጓጉንቸር የሚባል ነገር በዚያ በር ላይ አይቶ አያውቅም። እንዲያውም በማግስቱ ሲመለስ ክፍሉን እንደተወው ነው የሚያገኘው፤ የሚጠቀምበት ሰው ያለ አይመስልም።

ሊዮኒ ፕራሰር እንደምትለው ደግሞ፣ በዚያው በር ላይ እሑድ እሑድ ቡጢ የሚያህል የናስ ጓጉንቸር ይንጠለጠላል። ክረምቱን ሙሉ ልጇን በቫን ጭና ወደ ሐይቁ በሄደች ቁጥር እዚያው አግኝታዋለች። በእጇ ይዛ ነቅንቃዋለች፤ በእርግጫ መትታዋለች፤ ፎቶ አንሥታዋለች። ፊቱ ላይ የጣት ጫፍ የሚያህል ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፤ እሱም በፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሁለቱም ወገን ይምላል። ሁለቱም የሌላውን መሐላ አያምንም።

የሊዮኒ ልጅ ሌይተን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሲወለድ ትንፋሽ አጥሮት አንጎሉ ስለተጎዳ እጅና እግሩ አይታዘዙለትም፤ ምላሱም ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተ ነው የሚያወጣቸው። የሚጎትታቸው ቃላት ግን ስል ናቸው። እዚህ ምድር ላይ ከሁሉ የሚወደው ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሐይቁ ላይ ሲያርፉ ማየት ነው። «እንደ... ሰካራም... ነው የሚያርፉት» ይልና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀን ቀን የአካል ጉዳተኞች ማእከል ይውላል፤ ቅዳሜ የሰውነት ማፍታቻ ሕክምና አለበት። ለሐይቁ የምትተርፈው እሑድ ብቻ ናት።

ዳይፐሩ የሚቀየረው ተጋድሞ ነው። በሐይቁ ዳር ለዚያ የሚበቃ ስፋት ያለው ያ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ሊዮኒ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ታጋድመዋለች፤ ስትጨርስ በብብቱ ይዛ ወደ ዊልቸሩ ታነሣዋለች። ክፍሉ የተቆለፈ ቀን ግን ፔሊካኖቹን በወጉ ሳያዩ ወደ ቤት መመለስ ነው። ሐኪሟ የወገቧን ራጅ አይቶ፣ «ከእንግዲህ ከወለል ላይ ሰው ካነሣሽ፣ ቀጥሎ የምትነሺው አንቺ ነሽ፤ ያውም በሰው እጅ» ብሏታል።

ስለዚህ ተስፋዋ ሁሉ በአንድ ሥዕል ላይ ነበር። ምክር ቤቱ የሐይቁን ዳርቻ እንደ አዲስ ሊያለማ ባወጣው የመጀመሪያ ዕቅድ ላይ፣ ከልጆች መጫወቻው ጎን፣ ለአዋቂ ሰው የሚበቃ የመቀየሪያ አልጋና ከጣሪያ የሚወርድ ማንሻ ያለው ክፍል ተሥሎ ነበር። ሊዮኒ ሥዕሉን ማቀዝቀዣዋ ላይ ለጥፋው በየጠዋቱ እያየች ወተት ታወጣ ነበር። በነሐሴ የወጣው ሁለተኛው ረቂቅ ግን ክፍሉን ሰርዞ፣ «በተጠቃሚ ማነስ ምክንያት ወደፊት የሚታይ» የሚል ቃል ተካበት። ማነሱን የመሰከረው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር እንዲመዘግብ የተገጠመ ቆጣሪ ነው።

ሊዮኒ ነገሩን አገጣጠመችው። እሑድ የሚሠራ ሰው እጥፍ ይከፈለዋል። ክፍሉ እሑድ ከተቆለፈ የሚያጸዳው አያስፈልግም። ከተቆለፈ ደግሞ ቆጣሪው አይቆጥርም፤ ቆጣሪው ካልቆጠረ አዲሱ ክፍል አይሠራም። ይህንኑ በከተማው የፌስቡክ ገጽ ላይ ጻፈችው። የጋቪንንም ስም አልደበቀችም።

በሳምንቱ የምክር ቤቱ የዕቅድ ባለሙያ ጠራት። ኑዋን ይባላል፤ ሠላሳ ያልሞላው፣ ወላጆቹ ከስሪላንካ የመጡ፣ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው የሚነሣ ልጅ ነው። ጨዋነቱ ራሱ አስጠረጠራት።

«ፎቶውን አየሁት» አላት።

«እና ምን አየህ?»

«በር። አረንጓዴ በር። እንደዚህ ያለ አረንጓዴ በር ደግሞ ከተማው ውስጥ ባለ ሜዳ ሁሉ አለን።»

«ሌላ ሜዳ ሄጄ አንሥቼው መጣሁ ማለትህ ነው?»

«እኔ አላልኩም።»

«ማን አለ?»

ኑዋን በሩ መዘጋቱን ዞር ብሎ አየ። «እዚህ ቢሮ ውስጥ፣ ጓጉንቸሩን የሰቀሉት ራስዎ ነዎት የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አላምንም። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ግን ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።»

ሊዮኒ ሳቀች፤ ሳቋ የደስታ አልነበረም። «ወገቤ ለሁለት ሊሰበር ነው፤ ጓጉንቸር ተሸክሜ እዞራለሁ?»

ኑዋን የኮምፒውተሩን ገጽ ወደ እሷ አዞረው። «ይህን ይዩልኝ። እሑድ ጠዋት በሩ ደጋግሞ ይከፈታል። ወደ ማታ ግድም እንደገና። መሐሉን ግን ጭጭ ነው።»

«ተቆልፎ ነዋ!»

«ወይም የሚፈልገው ሰው የለም።»

«እኔ ምን ነኝ? ሰው አይደለሁም?»

«እርስዎማ ሰው ነዎት» አላት በትሕትና። «ቆጣሪው ግን አያውቅዎትም።»

ወደ ቤቷ እየነዳች ስታስበው፣ ኑዋን የዋሸ አልመሰላትም። ይበልጥ ያስፈራት ይኸው ነው። ውሸታም ሰው ቢያንስ የሚደብቀውን ያውቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ አለች በልቧ፤ ግን ማንን መጠርጠር እንዳለባት ከትናንቱ ይልቅ ዛሬ ጠፋት።

የጎረቤቷ የክላይቭ ሃናፎርድ የሣር ማጨጃ ከአጥሩ ወዲያ ያጓራ ነበር። ክላይቭ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ሚስቱ አቭሪል ከሞተች ወዲህ የራሱን ሣር ሲያጭድ የሊዮኒንም አብሮ ያጭዳል፤ ከደጃፏ እስከ መኪና ማቆሚያው የሚወርደውን የዊልቸር መወጣጫም የሠራላት እሱ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ የሐይቁ ወዳጆች ማኅበርን እየመራ፣ ከሐይቁ ማዶ በደቦ ዛፍ ይተክላል። ሲያያት ማጨጃውን አጠፋ።

«ቢሮ ምን አሉሽ?»

ሁሉንም ነገረችው። ክላይቭ ቆቡን አውልቆ በእጁ እያዞረ አዳመጣት።

«ራሷ ናት የሰቀለችው አሉ?» አላት።

«አዎ። ሰምተህ ታውቃለህ እንደዚህ ያለ ነገር?»

ክላይቭ ቀና ብሎ ጣሪያዋን አየ። «አሸንዳሽ ቅጠል ሞልቶታል። ነገ መሰላል አምጥቼ እጠርግልሻለሁ።»

ደግ ሰው ነው፣ ብላ ገባች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምክር ቤቱ ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክሎ ሕዝቡን ጠራ። በድንኳኑ ውስጥ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል፤ የመጣ ሁሉ ሦስት ሦስት የሚለጠፉ ቀይ ነጥቦች እየተሰጡት፣ በሚወደው ነገር ላይ እንዲለጥፍ ነው። ከውጭ በኩል የሐይቁ ወዳጆች ዋና ሠራተኛ ሜሬዲት ጭስ እያባረረች ቋሊማ ትጠብሳለች። ሊዮኒ የሌይተንን ሕክምና አስቀርታ ይዛው መጣች።

«ሊዮኒ! ሽንኩርት ይግባበት?» አለች ሜሬዲት መቆንጠጫዋን እያንቀጫቀጨች።

«ለእኔ ይግባ። ለእሱ ተይው።»

«ለእኔም... ይግባ» አለ ሌይተን።

«ማታ ቃር ይይዝሃል።»

«ቃሩ... የእኔ... ነው።»

ሜሬዲት ሳቀችና ሽንኩርቱን እጥፍ አድርጋ ጨመረችለት። ሊዮኒን ስታናግር ግን ዓይን ዓይኗን አላየቻትም። ወይም ጭሱ ይሆናል።

ካርታው ላይ የማኅበሩ የዕቃ ቤት የሚሠራበት ቦታ ኩፍኝ እንደወጣበት ሕፃን በቀይ ነጥብ ተሸፍኗል። ማኅበሩ ዕቃ ቤት ይሠራልን ብሎ መለመን ከጀመረ ብዙ ዓመቱ ነው፤ አካፋና ዶማቸው በክላይቭ ፒክአፕ ላይ ዝናብ ሲመታው ይከርማል። ሊዮኒ የተሰረዘው ክፍል በነበረበት ቦታ ላይ የራሷንና የሌይተንን ስድስት ነጥቦች ለጠፈች። ከእነሱ ሌላ እዚያ የነበረው ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። የክላይቭ ነጥብ ከየትኛው ጋር እንዳለ ለማወቅ ፈለገች። ነጥብ ስም የለውም።

«ወይዘሮ ሊዮኒ፣ አንድ ጊዜ ይምጡልኝ» አለ ኑዋን።

ወደ አረንጓዴው በር ወሰዳት። ሰዎችም ቋሊማቸውን እየገመጡ ተከተሉ። ኑዋን በሩን በአንድ ጣቱ ገፋው፤ ተከፈተ። ውስጡ ያበራል።

«ይኸው» አለ። ሊያሳፍራት ፈልጎ አልነበረም፤ ፊቱ ላይ የሚታየው፣ ነገሩን በዚሁ ለመዝጋት የቸኮለ ሰው ተስፋ ነው።

«ዛሬ ቅዳሜ ነዋ!» አለች ሊዮኒ።

«ጓጉንቸሩ ቅዳሜን ያከብራላ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ሊዮኒ ፊቷ እንደ ፍም ጋለ። የሌይተንን ዊልቸር አስቀድማ ወደ ቫኑ ሄደች።

«እማ» አለ ሌይተን። «ከተማው ሁሉ... የሚያወራው... ስለ ሽንቴ... ነው።»

«ለአንተ ብዬ እኮ ነው የኔ ልጅ።»

«አውቃለሁ። ግን... ስለ ፔሊካኖቹም... አውሪ።»

 የክላይቭ ፒክአፕ ከቫናቸው ጎን ቆሟል። ሌይተን በድንገት የዊልቸሩን ማንቀሳቀሻ ለቀቀና አቆመው።

«ቢጫ» አለ።

«ምኑ?»

«ተመልከቺ።»

በደቦ ቀን የማን አካፋ የማን እንደሆነ እንዳይምታታ፣ ማኅበሩ የራሱን ዕቃ ሁሉ ቢጫ ቀለም ይቀባል። ሊዮኒ ደቦ ወጥታ ስለማታውቅ ልብ ብላው አታውቅም። አሁን ግን አየችው፤ የአካፋው እጀታ ቢጫ፣ የዶማው እጀታ ቢጫ፣ የባልዲው ከንፈር ቢጫ። በባልዲው ውስጥ፣ በጓንትና በገመድ መሐል፣ የናስ ጓጉንቸር ተኝቷል። ፊቱ ላይ የጣት ጫፍ የሚያህል ቢጫ አለበት።

አንሥታ በመዳፏ ያዘችው። ክብደቱን ታውቀዋለች፤ ክረምቱን ሙሉ ነቅንቃዋለች።

ክላይቭ በሁለት እጁ ሻይ ይዞ እየመጣ ነበር። ጓጉንቸሩን በእጇ ሲያይ እርምጃው ቀዘቀዘ፤ ግን አልተመለሰም።

«የማን ነው?» አለችው።

«የማኅበሩ።»

«እሑድ እሑድ የት ነው የሚውለው?»

ሻዩን በፒክአፑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። «ሊዮኒ፣ ልንገርሽ። ግንቦት ላይ የሜሬዲትን መኪና መስታወት ሰብረው ቦርሳዋን ወሰዱት። ማዶ ሆነን ስንተክል ዕቃችንን የሚያይልን የለም። ቦርሳውን፣ ምሳውን፣ ችግኙን የምናስገባበት ስናጣ...»

«የሌይተን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ከተታችሁት።»

«ጠዋት እናስገባለን፣ ማታ እናወጣለን። እሑድ ሰው አይጠቀምበትም ብለን ነው። ቆጣሪውም እንደዚያ አለ።»

«ቆጣሪው የቆጠረው እናንተን ነው! ሳንድዊቻችሁን ነው የቆጠረው!»

ክላይቭ አንገቱን ደፋ። «ከማዶ ሆኜ ቫንሽ ሲመለስ አየዋለሁ። ልጁ በረደው እል ነበር። ዛፎቹን እኮ የምንተክለው በዊልቸሩ መንገድ ላይ ነው። ለእነ ሌይተን ጥላ እንዲሆን።»

«ጥላው ሥር ምን ሊያደርግ? ሽንቱን ይዞ ሊቀመጥ?»

ሌይተን ዓይኑን ከክላይቭ ላይ አላነሣም።

«የጻፍኩትን አላነበብክም?» አለች ሊዮኒ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጓጉንቸር ብዬ፣ እሑድ ብዬ፣ ፎቶ አድርጌ።»

«እኔ ፌስቡክ የለኝም።»

«ሜሬዲትስ?»

ክላይቭ ወደ ድንኳኑ ዞር ብሎ አየ። ከድንኳኑ በኩል የሳቅ ድምፅ መጣ።

«መቼ ነገረችህ?»

«በዚያው ሳምንት» አለ በመጨረሻ።

«አጥር ለአጥር ሆነን ስነግርህ ታውቅ ነበር። ራሷ ሰቀለችው አሉ ስልህ። አሸንዳሽ ሞልቷል አልከኝ!»

«ፈራሁ። ከታወቀ ዕቃ ቤቱን ይከለክሉናል፣ ማኅበሩንም ከሐይቁ ያስወጡታል ብዬ ፈራሁ። ያለፈው እሑድ ልተወው ብዬ ነበር፤ ችግኙ ደግሞ ብዙ ሆነ...» ቃሉ ለራሱም ደካማ መሰለው፤ አልጨረሰውም። «ማክሰኞ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ እኔው ራሴ እናገራለሁ። አንቺ ምንም አትበይ። ከእኔ አፍ ይውጣ።»

«ለምን ብዬ ልመንህ?»

 ሊዮኒ ጓጉንቸሩን ባልዲው ውስጥ ጣለችው። በኋላ ስታስበው ያ ስሕተት ነበር። ኪሷ ልትከተው ይገባ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ወደ ሐይቁ ሄዱ። አረንጓዴው በር ባዶውን ነው። ከማዶም ሰው የለም፤ ደቦው ቀርቷል። ሌይተን እስከ ማታ ድረስ ፔሊካኖቹን ሲያይ ዋለ፤ አንዷ ከውሃው ስትጋጭ ሳቁን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል ጨረሰ። ሊዮኒ ግን ከፔሊካኖቹ ይልቅ በሩን ታይ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ይከፈትልኝ ያለችው በር ተከፍቷል፤ ጓጉንቸሩ ሲነሣ ግን ማስረጃውም አብሮ ተነሣ። ክላይቭ ማክሰኞ ዝም ቢል፣ በእጇ ያለው ከየትም ሊነሣ የሚችል የአረንጓዴ በር ፎቶ ብቻ ነው። ምናልባት ደቦውን ያስቀረው አፍሮ ነው። ምናልባት ደግሞ ዱካውን እያጠፋ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እሱ ደግሞ ሣር እያጨደ፣ አሸንዳ እየጠረገ ነው።

«አንተ ምን ትላለህ?» አለችው ሌይተንን።

«አይ... ታወቅም» አለ። «መወጣጫውን... ግን... በደንብ... ነው የሠራው።»

ማክሰኞ ምሽት የምክር ቤቱ አዳራሽ እንደ ወትሮው ግማሹ ባዶ ነበር። ከንቲባዋ ሮስሊን ከአባላቱ መሐል ተቀምጣለች፤ ኑዋን ከጎን ወረቀቶቹን ደርድሯል። የጽዳት ሠራተኛው ጋቪን የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። የማኅበሩ ሰዎች ከኋላ ተደርድረዋል፤ ክላይቭ ከሜሬዲት ቀጥሎ፣ ቆቡ ጉልበቱ ላይ። ሊዮኒ ሌይተንን ይዛ ስትገባ ቀና ብሎ አላያትም።

ኑዋን ዕቅዱን አቀረበ። በመጨረሻ፣ «ከተያዘው በጀት የሚተርፈው ለአንድ ትንሽ ሕንፃ ነው። የተጠየቁት ግን ሁለት ናቸው፤ የማኅበሩ ዕቃ ቤትና የመቀየሪያ አልጋ ያለው ክፍል» አለና ተቀመጠ።

ከንቲባዋ መናገር የሚፈልግ ካለ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ እንደሚሰጥ ተናግራ ስም ጠራች። የመጀመሪያው የሊዮኒ ነበር። የክላይቭ ስም ይኑር አይኑር አላወቀችም። ተነሥታ ወደ ድምፅ ማጉያው እየሄደች በኋላዋ የአንድ ወንበር መንቀሳቀስ ጠበቀች። አልሰማችም።

«ፔሊካን ሲያርፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለች።

አባላቱ ተያዩ።

«ልጄ እንደ ሰካራም ነው የሚያርፉት ይላል። እውነቱን ነው። አንዱን ለማየት ረጅም ሰዓት መቀመጥ ያስፈልጋል። እሱ ግን ረጅም ሰዓት መቀመጥ አይችልም። ዳይፐሩን የምቀይርበት ወለል አለ፤ ከወለሉ የማነሣበት ወገብ ግን እያለቀ ነው። ክፍሉ ካልተሠራ፣ ሐይቁ ለእሱ ከመኪና መስኮት የሚታይ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ቆጣሪያችሁ ይህንን አልቆጠረም።» ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። «ጋቪን፣ በሩን የምትቆልፈው አንተ ነህ ብዬ ጽፌያለሁ። አይደለህም። ይቅርታ አድርግልኝ። ነገ እዚያው በጻፍኩበት ቦታ እጽፈዋለሁ።»

ጋቪን ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥሩ» አለ። «የጻፍሽውን ያነበበችው እናቴ ናት።»

ከንቲባዋ ወደፊት ዘንበል አለች። «ታዲያ ጓጉንቸሩ ነበር?»

«ነበር።»

«የማን ነው?»

ሊዮኒ ዞራ አየች። ሜሬዲት ጣሪያውን ታያለች። ክላይቭ ቆቡን። ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለመትፋት አንድ ትንፋሽ ይበቃት ነበር። አልተፋችውም። ለምን እንዳልተፋችው በኋላም በደንብ አልገባትም፤ ምናልባት ስለ መወጣጫው ይሆናል።

«ባለቤቱ እዚህ አዳራሽ ተቀምጧል» አለች። «የእኔ ሦስት ደቂቃ አልቋል።»

ወደ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ሌይተን ከጎኗ ትንፋሹን ይዟል። ከዚያ ወንበር ተንቀሳቀሰ።

«የእኛ ነው» አለ ክላይቭ። ቆሟል። «የማኅበሩ ነው። ሰቃዩ እኔ ነኝ።»

የሜሬዲትን መኪና፣ ቦርሳውን፣ ችግኙን፣ ሁሉንም ተናገረ። ከታወቀ በኋላ ዝም ማለቱንም አልዘለለውም። ኑዋን እየሰማ የቆጣሪውን ወረቀት ከፊቱ ሳበው፤ የእሑድ ጠዋቱንና የእሑድ ማታውን በጣቱ ተከትሎ አየ፤ ከዚያ ሊዮኒን አየና አንገቱን ዝቅ አደረገላት።

ከንቲባዋ ግን ፊቷ ፈታ አለ። «እንግዲያው መፍትሔው ቀላል ነው። ዕቃ ቤቱ ከተሠራ ጓጉንቸሩ ከበሩ ይነሣል። በሩ ከተከፈተ የወይዘሮ ሊዮኒም ችግር ይቃለላል። የተረፈውን በጀት ለዕቃ ቤቱ ብናደርገው...»

አባላቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላ ሜሬዲት አጨበጨበች።

 ለካ ለዚህ ነው፣ አለች ሊዮኒ በልቧ። ለዚህ ነው ከእኔ አፍ ይውጣ ያለው። ጥፋቱን ተናዝዞ ዕቃ ቤቱን ሊወስድ፣ ልጇን ወለል ላይ ጥሎ፣ እሷም ስሙን ሸፍናለት። ዞራ ፊቱን ለማየት እንኳ አቃታት። የሌይተንን እጅ ያዘች።

«ክብርት ከንቲባ» አለ ክላይቭ። «እኔ ገና አልተቀመጥኩም።»

«ይቀጥሉ።»

«ዕቃ ቤቱን ከዕቅዱ አውጡት። ማኅበሩ አይፈልገውም።»

«ማኅበሩ ማነው?» አለች ሜሬዲት ከወንበሯ ብድግ ብላ። «እኔ ማኅበር አይደለሁም? ስንት ዓመት የለመንነውን!»

«ነሽ፣ ሜሬዲት። ካላማረሽ እሑድ በድምፅ አውርጂኝ። እስከ እሑድ ግን ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ፤ ማመልከቻውን የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ የማነሣውም እኔ ነኝ።» ቆቡን ራሱ ላይ አደረገ፤ አዳራሽ ውስጥ መሆኑን አስታውሶ መልሶ አወለቀው። «በዚያ ገንዘብ አልጋና ማንሻ ያለውን ክፍል ሥሩት። አካፋውም፣ ዶማውም፣ የእጅ ጋሪውም ከዛሬ ጀምሮ እኔ ሳሎን ይገባል። ጭቃ አስገባህብኝ ብላ የምትቆጣኝ አቭሪል እንደሆነች የለችም።»